ማማ ላይ ያለ ሰው ትልቅ ነው

ድምፄ ትንሽ ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን፣ የማወራው ነገር ያለዚህ ስለማይገባችሁ ነው። መርሳ ላይ ባዮሎጂ በማስተምርበት ክፍል ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች የሚጽፉት የሰሙትን ሳይሆን ከንፈሬን አይተው የገመቱትን ነበር። ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት ተማሪ ከኋላ እጇን አውጥታ፣ በትሕትና፣ «ቲቸር፣ ለእኛም አስተምሪን እንጂ» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ድምፄ ግን በማግሥቱም ያው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ ወንበሩን አንስቶ አጠገቤ መጥቶ መቀመጡን ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

በሕይወቴ ጮኼ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ማማ ላይ።

እኛ ከመርሳ ብዙ የማትርቀው የግራና ገጠር ሰዎች ነን። አባቴ እንድሪስ የማሽላ ገበሬ ናቸው። በእኛ ቆላ ማሽላ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ እሸት ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርድበታል። ስለዚህ በእርሻው መሐል አራት እግር ያለው የእንጨት ማማ ይተከላል። አንድ ሰው ከላይ ይወጣል፤ ሌሎቹ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው በአገዳው ውስጥ ይሮጣሉ። ከታች ያለ ሰው ከአገዳ በቀር የሚያየው የለም። ወፉ የት እንዳረፈ የሚያውቀው ማማ ላይ ያለው ነው። እሱ «ላይ ላዩን» ካለ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው በኩል፣ «ታች ታቹን» ካለ ወደ አፋር በረሃ በኩል መሮጥ ነው፤ «ባሉበት» ካለ ደግሞ ቀጥ ብሎ መቆም። ከታች ያለው «አቤት» ብሎ መስማቱን ያሳውቃል። ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ከወንድሜ ከሰይድ ይልቅ እኔ ቀላል ስለነበርኩ ማማው ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። አባባ ከታች ሆነው ከእኔ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ጎረቤት ሲስቅባቸው፣ «ማማ ላይ ያለ ሰው ትልቅ ነው፤ ሕፃንም ቢሆን» ይሉ ነበር። ማንም ሳያየኝ፣ እኔ ግን ሁሉን እያየሁ መጮህ ደስ ይለኝ ነበር። አድጌ ለትምህርት ስወጣ ማማውም ጩኸቱም ግራና ቀሩ።

ባለፈው ክረምት፣ ኬንያ ውስጥ ማሊንዲ ከተማ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ሰይድ የመጀመሪያ ልጁን ወለደ። አባባ መጥተው የልጅ ልጃቸውን እንዲያዩለት ለመነ። አባባ ከደሴ ማዶ አድረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ማሽላው እሸት ሳይዝ እንደሚመልሳቸው ካስማሉት በኋላ እሺ አሉ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አብሬያቸው የምሄደው እኔ ሆንኩ።

እኔ ግን ለማንም ያልተናገርኩት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ከተማርኩት ሁሉ አብልጬ የወደድኩት የወፎችን ጉዞ ነው። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚወርዱ የውሃ ዳር ወፎች ክረምቱ መውጫ ላይ ያን የባሕር ዳርቻ እንደሚሞሉት፣ አንዳንዶቹም በእኛ ሰማይ አልፈው እንደሚሄዱ አንብቤ ነበር። ሻንጣዬ ሥር በነጠላ ጠቅልዬ ሩቁን የሚያቀርብ አሮጌ መነጽር ይዣለሁ። ለግራና ሰው ግን ወፍ ለማየት አገር አቋርጦ መሄድ ማለት ሌባ ለመጎብኘት ስንቅ እንደመቋጠር ነው።

ማሊንዲ እንደደረስን ሰይድ መነጽሩን አገኘብኝና ምሳ ላይ አወጣው። አባባ እጃቸውን ከትሪው ሳያነሱ አዩኝ።

«ግራና ላይ ወፍ አጥተሽ ነው?» አሉ።

ሰይድ ሲስቅ፣ ባለቤቱም ስትስቅ፣ እኔ ሩዙ ላይ አቀረቀርኩ። በማግሥቱ ግን ሰይድ ወፎቹ ወደሚገኙበት ሊያደርሰኝ መኪናውን ሲያስነሳ አባባ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰው አገር ብቻዬን አይለቁኝም ማለታቸው ነው።

ቦታው ባሕሩ ወደ የብስ ገብቶ የተኛበት ወሽመጥ ነው። ዳር ዳሩን ማንግሮቭ የሚባል፣ ሥሩን እንደ ብዙ እግር ጭቃ ውስጥ ተክሎ የሚቆም ዛፍ ከቦታል። በዛፎቹ መሐል ጠባብ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ እሱ ሲያልቅ ሣር ክዳን ያላት፣ በረጃጅም እግሮች ላይ የቆመች የወፍ መመልከቻ ጎጆ ትገኛለች። አባባ ከሥሯ ቆመው ወደ ላይ አዩና ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ።

«ይኼ ማማ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ታዲያ ወንጭፉስ?»

ሰይድ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እኛን የተቀበለን ሳሊም የሚባል የአካባቢው አስጎብኚ ነው። በጎጆዋ ውስጥ ከእኛ ሌላ አንድ አሮጊትና ባለቤታቸው፣ ሁለቱም ከሆላንድ የመጡ፣ ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ትልቅ መነጽር ተክለው ተቀምጠዋል። አሮጊቷ ኤልስ ይባላሉ። ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸኝ ጉባኤ አልነበረም። ሁሉም ሰው የእኔን ድምፅ ይዞ የመጣ መሰለኝ።

ሳሊምና አባባ ቋንቋ ሳይኖራቸው ወዳጆች ሆኑ። ሰላምታቸው አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ «ማሻአላህ» ሲል ሌላው «አልሐምዱሊላህ» እያለ ስለ ልጆቻቸውም ስለ ዝናቡም የተነጋገሩ ይመስሉ ነበር። ሳሊም ለእኔ በእንግሊዝኛ፣ ባሕሩ አሁን እንደሸሸ፣ ከቀትር በኋላ ግን እንደሚመለስ፣ ሲመለስም እንደማያስጠነቅቅ ነገረኝና ለአባባ እንዳስረዳቸው አሳሰበኝ።

አስረዳኋቸው። አባባ ሰምተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ መሬቱ በኩል ዞሩ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሰማዩ ከኮኮናት ዛፎቹ በላይ ጥርት ያለ ነው።

«ደጋው ንጹሕ ነው» አሉ።

የእኛን አገር ለማያውቅ ይህ ላይገባው ይችላል። በወረዳችን በሐብሩ ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ወደ ደጋው ቀና የማይል ሰው የለም። እኛ ጋ ፀሐይ እያለ ተራራው ላይ ከጠቆረ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል፤ ደረቁ ወንዝ በቅጽበት ከብት ይወስዳል። ተራራው ከጠራ ግን በወንዙ መሐል ተኝተህ ብታንቀላፋ የሚነካህ የለም። አባባ በዚህ ዕውቀታቸው ስንቱን መንገደኛ ከወንዝ ዳር መልሰዋል። እዚያ አገር ደግሞ ደጋ የሚባል ነገር የለም፤ ሜዳ ነው፣ ከሜዳው ወዲያም ሜዳ።

«አባ፣ ይኼ ውሃ ከሰማይ አይደለም የሚመጣው» አልኳቸው። «ጨረቃ ናት የምትስበው።»

«ጨረቃ?»

«አዎ።»

ትምህርት የበዛባትን ልጅ እንደሚያዩ አዩኝና፣ «ላኢላሃ ኢለላህ» ብለው ነገሩን ተዉት። እኔም ስቄ ተውኩት።

የአስር ሰላት፣ የከሰዓት በኋላው ስግደት፣ ሲደርስ ሳሊም መንደሩ መስጊድ ሰግዶ እንደሚመለስ ነግሮን ሄደ። አባባም ሊሰግዱ ተነሱ። የጎጆዋ ወለል ግን የወፍ ኩስ አለበት። ፊት ለፊት፣ ቁርጭምጭሚት የማትሸፍን የውሃ መስመር ማዶ፣ ረጅም ነጭ የአሸዋ ጀርባ ተጋድሟል፤ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ ይመስላል።

«እንዲህ ያለ መስገጃ ትቶ ማን ኩስ ላይ ይደፋል» አሉና ጫማቸውን በአንድ እጃቸው፣ ከዘራቸውን በሌላው ይዘው በመሰላሉ ወረዱ። ባሕሩ እየራቀ ነው ወይስ እየመጣ ነው ብዬ አየሁት። የቆመ መሰለኝ። «ቶሎ ይመለሱ» አልኳቸው፤ «ሰግጄ መጣሁ» አሉኝ። ቂብላው፣ ሲሰገድ ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ፣ እንደ አገራችን ወደ ሰሜን ስለሆነ ጀርባቸውን ለእኛና ለተሻገሩት ውሃ ሰጥተው ቆሙ።

ከዚያ ወፎቹ መጡ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ በሩቁ የጭቃ ዳር ላይ እንደተበተነ ጤፍ ነበር የማያቸው። አሁን ግን በቡድን በቡድን እየተነሱ ወደ እኛ መቅረብ ጀመሩ። ብዙዎቹ በአማርኛ ስም የላቸውም፤ ወይም እኔ አላውቀውም። ትንንሾቹ፣ የክብሪት እንጨት በመሰሉ እግሮቻቸው እየተጣደፉ ይሮጣሉ፤ ውሃዋ ስትነካቸው ዘለል ይላሉ። ጥቁርና ነጭ ለብሰው እንደ ሽማግሌ ቀስ ብለው የሚራመዱ አሉ። ምንቃሩ ወደ ታች የተቆለመመ አለ። ከሁሉ ወዲያ እግራቸው ከሌላው ወፍ ሁሉ የረዘመ ሦስት ፍላሚንጎዎች አንገታቸውን እንደ ከዘራ አጥፈው ቆመዋል። ከመነጽሬ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። እየቀረቡ፣ አሁንም እየቀረቡ መጡ። አንዷ ከጎጆዋ እግር አጠገብ አርፋ ላባዋን ስታስተካክል የዓይኗ ዙሪያ ያለው ቀለበት ታየኝ። ኤልስ ክንዴን ያዝ አድርገው በሹክሹክታ፣ «እንዲህ ቀርበው አይቻቸው አላውቅም» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከመርሳ ተነስቼ የመጣሁት ለዚህ ነው አልኩ በልቤ።

ቆይቶ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። በማማ ያደገ ሰው ወፍ ለምን እንደሚነሳ ሳይጠይቅ አይቀርም። ወፍ ያለ ምክንያት ቦታ አይለቅም፤ ወይ ምግብ ይጠራዋል፣ ወይ አንድ ነገር ይገፋዋል። እነዚህ ምን እየገፋቸው ነው ወደ ሰው የሚጠጉት?

መነጽሬን አወረድኩ።

በእኛና በአባባ መሐል የነበረችው የውሃ መስመር ወንዝ ሆናለች። ጭቃው የለም። የነጩ አሸዋ ጀርባ ግማሹ ጠፍቷል። ባሕሩ ድምፅ ሳያሰማ፣ አረፋ ሳይኖረው፣ ዘይት በጨርቅ ላይ እንደሚሄድ ሆኖ ወፎቹን እየገፋ ወደ እኔ ሲያመጣቸው እኔ ስደሰት ቆይቻለሁ። አባባ ሰላታቸውን ጨርሰው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው። ከፊታቸው አሸዋ አለ፤ ከኋላቸው ምን እንደመጣ አላዩም። ዋና አያውቁም። እኔም አላውቅም።

«አባ» አልኩ።

ድምፄ ኤልስ ጋ እንኳ አልደረሰም። በጣቴ እየጠቆምኩ እንደገና ሞከርኩ፤ የባሰ ሆነ። የኤልስ ባለቤት ግን ጣቴን አይተው ገባቸው፤ በእንጨቱ መተላለፊያ ሳሊምን ፍለጋ ሮጡ። ዕድሜያቸው ለሩጫ አይደለም፤ ግን ሮጡ። ጎጆዋ ውስጥ አሮጊቷና እኔ ቀረን። በዙሪያችን ያ ሁሉ ወፍ አርፏል፤ ቦታው መስጊድ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ዝምታ ሞልቶታል። ያንን ዝምታ መስበር ያስፈራኝ ነበር ብላችሁ አትሳቁብኝ። እውነት ነው፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አስፈርቶኛል።

ከዚያ እግሮቼን ከፈት አድርጌ ቆምኩ፣ መዳፎቼን በአፌ ግራና ቀኝ አደረግሁ፣ የሆዴን አየር ሁሉ ሰብስቤ ግሪሳ የማባርርበትን ጩኸት ለቀቅሁት።

«ኤ...ሃ...ሃይ! ሃይ!»

ሰማዩ በክንፍ ተሞላ። ወሽመጡ ሙሉ የነበረው ወፍ ባንድ ጊዜ ተነሳ። አባባ ከተቀመጡበት ዘለው ተነሱና እጃቸው በቀጥታ ወደ ወገባቸው ሄደ፤ የሌለ ወንጭፍ ፍለጋ። ከዚያ ዞሩ። ውሃውን አዩት። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጠራው ሰማይ አዩ። እንደገና ውሃውን አዩት። ያን ጊዜ የነበረውን ፊታቸውን አልረሳውም፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ሰው የዋሻቸው ይመስሉ ነበር።

ወደ እኔ በቀጥታ ሊመጡ ሁለት እርምጃ እንደገቡ ውሃው ከጉልበታቸው በላይ ደረሰና ተመለሱ። ከላይ ሆኜ ጥልቀቱን ላይላቸው ሞከርኩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስላለች ውሃው ሁሉ እንደ ቆርቆሮ ያበራል፤ ጥልቁና ጥልቅ ያልሆነው አይለይም።

ይኼኔ ያባረርኳቸው ወፎች ዞረው መውረድ ጀመሩ። እንዳገኙ አላረፉም፤ በአንድ መስመር ነው ያረፉት፤ ከአባባ አሸዋ ጀምሮ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ማንግሮቩ፣ እንደ እርሻ እርከን ጠመዝማዛ ሆኖ። እዚያ ባዶ ዓይን የሚያየው ውሃ ብቻ ነው። ትንንሾቹ ግን ቆመውበታል። የክብሪት እንጨት እግር ያለው ወፍ ከቆመበት፣ ሥሩ መሬት አለ።

«አባ! ላይ ላዩን!» ብዬ ጮህኩ። «በወፎቹ ይሂዱ!»

ለምን አላሉኝም። ውሃ ላይ ይሂዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴ ናቸው።

«አቤት!» አሉ። ድምፃቸው በውሃው ላይ ተንከባሎ መጣ።

ጫማቸውን ጣሉ። ሽርጣቸውን ሰብስበው ከዘራቸውን እያስቀደሙ መሄድ ጀመሩ። ውሃው ከቁርጭምጭሚታቸው አላለፈም። ሲቀርቡ ወፎቹ ይነሳሉ፣ ፊት ለፊታቸው ትንሽ አለፍ ብለው እንደገና ይሰለፋሉ። እሳቸው ይነዳሉ፣ ወፎቹ ይመራሉ። መስመሩ ሲታጠፍ «ታች ታቹን» እላለሁ፣ «አቤት» ይላሉ። ሲቃና «ላይ ላዩን» እላለሁ። ኤልስ አጠገቤ ሆነው የማይገባቸውን ቃል በከንፈራቸው አብረውኝ ይሉ ነበር።

ማንግሮቩ ሊደረስበት ጥቂት ሲቀረው ወፎቹ ተነስተው አንድ ቦታ ዘለሉ። ወዲህኛው ጫፍ ላይ ጥቂቶቹ ቀሩ፣ ሌሎቹ ከወዲያ ማዶ አረፉ፤ መሐሉ ባዶ ነው። አባባ ከዘራቸውን ሰደዱት። እስከ እጀታው ገባ። ቀና ብለው ማዶውን ለኩት። ሰፊ አይደለም። ሐብሩ ላይ ወንዝ እየሞላ ከሆነ ሕጉ አንድ ነው፤ አትጠብቅ፣ ከቆየህ ይብሳል፣ አሁኑኑ ተሻገር። ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ሲቋጥሩት አየሁ። ሊገቡ ነው።

እኔ ግን ከላይ ሆኜ ሦስቱን ፍላሚንጎዎች አየሁ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ናቸው። ያ ሁሉ እግራቸው የለም፤ እንደ ዳክዬ ተንሳፍፈው ይዋኛሉ፣ ውሃውም እያዞረ ወደ ውስጥ ይወስዳቸዋል።

«ባሉበት!»

አባባ ቆሙ። ወደ እኔ አዩ። ውሃው በዚያች ቅጽበትም እየጨመረ ነው፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ጀልባ እንደሚመጣ አላውቅም። ሳሊም መገኘቱን አላውቅም። ከተሳሳትኩ አባቴን ውሃ መሐል አቁሜ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። እንደዚያች ቅጽበት ትንሽ ድምፄን ተመኝቼ አላውቅም፤ ባልሰሙኝና የራሳቸውን ባደረጉ።

ሰሙኝ።

«አቤት!» አሉ። ከዘራቸውን ፊታቸው ተክለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቆሙ።

ኤልስ እጄን ስበው ወደ ትልቁ መነጽራቸው አስጠጉኝ። በክቡ መስታወት ውስጥ አባባን እዚሁ ያሉ ያህል አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በእግራቸው ዙሪያ ትንንሾቹ ወፎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከዚያች ጉብታ ሌላ የቀረ መሬት ስለሌለ ሰውየውን መፍራት ትተዋል። አባባም ወደ ታች አያቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በወንጭፍ ሲያሳድዷቸው የኖሩት አባቴ፣ እንዳይነሱባቸው ብለው ትንፋሻቸውን እንኳ የያዙ ይመስሉ ነበር። ውሃው ወደ ጉልበታቸው ሲወጣ ወፎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። የመጨረሻዋ ስትነሳ አባባ በዓይናቸው ሸኟት።

«ባሉበት!» አልኩ፤ የምለው ሌላ ስላልነበረኝ።

«አቤት!»

«ባሉበት!»

«አቤት!»

ውሃው ጭናቸው ላይ ደርሶ ነበር የሳሊም ጀልባ ከማንግሮቩ መሐል ብቅ ያለችው። በረጅም እንጨት ታችኛውን መሬት እየገፋ፣ አጎንብሶ፣ ሳይናገር መጣ። አባባን ከብብታቸው ይዞ ሲጎትታቸው ሁለቱም ጀልባዋ ውስጥ ወደቁ። ያን ጊዜ የወፍ ኩሱ ላይ ተቀመጥኩ። ኤልስም አጠገቤ ተቀመጡ። ወፎቻቸውን ስላባረርኩባቸው ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም፣ ድምፄ አልቋል። እሳቸው ትከሻዬን አቅፈው ያለቅሱና ይስቁ ነበር።

አባባ መሰላሉን ወጥተው ሲመጡ ሽርጣቸው የጨው ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ፣ «ይኼን ድምፅ ግራና ትተሽው የወጣሽ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው ወደ ውሃው ዞሩ። ወፎቹ በሩቁ፣ ከማንግሮቩ አናት ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው ይታያሉ።

«የበሉብኝን ማሽላ ሁሉ ሐላል ብያለሁ» አሉ። «የአባቴንም ጨምሬ።»

በዚያን ምሽት ሰይድ ሁሉንም ከሳሊም ሰምቶ መጣ። አባባን ይዞ አለቀሰ፤ እኔን ይዞም ሊያለቅስ ሲል ድምፄ መጥፋቱን አወቀ። «ድሮም ድምጿ አይሰማም ነበር፤ አሁን ጭራሽ አረፍን» አለ። አባባ ከዚያ በኋላ በነበሩን ቀናት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው በረንዳ ላይ እየተቀመጡ ማታ ማታ ጨረቃዋን በጥርጣሬ ያዩዋት ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠሽ ብትሉኝ፣ ዓይን አፋርነቴን አልወሰደውም። ዛሬም ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን ሳልጠይቅ የምወጣበት ቀን አለ። ነገር ግን ስለ ድምፅ የማስበው ተለውጧል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጮክ ብሎ መናገር ራስን ማሳየት ይመስለኝ ነበር፤ ማማ ላይ ግን የሚጮህ ሰው ራሱን ለማሳየት አይጮህም። እሱ ያየውን ሌላው ስላላየው ነው። አሁን ክፍል ስገባ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያሉትን አገዳ ውስጥ እንደቆሙ አድርጌ አስባቸዋለሁ። ባልናገር መንገዱን ከየት ያገኙታል? ያቺ «ለእኛም አስተምሪን» ያለችኝ ልጅ በቅርቡ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ጎረቤት ክፍል ፈተና ላይ ናቸው» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እናንተም ምናልባት አንድ የተዋችሁት ማማ ይኖራችኋል። የት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እናንተ ግን ሳታውቁት አትቀሩም።

ጥቅምት ላይ፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከመርሳ ተሳፍሬ ግራና ሄድኩ። አባባ ታሪኩን ለአካባቢው ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ ድንበር ላይ ቆመው ያበሽቋቸዋል።

«እንድሪስ፣ ወፉን ሁሉ ሐላል ብያለሁ ካልክ ታዲያ ምን ያስሮጥሃል? አርፈህ ተቀመጣ።»

«ሐላል ያልኩት የእስካሁኑን ነው» አሉ አባባ ወንጭፋቸውን ከወገባቸው እየፈቱ። «የዘንድሮውን ገና አልተነጋገርንም።»

ከዚያ በአገጫቸው ወደ ማማው አመለከቱኝ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ከላይ ሁሉም ይታያል፤ ደጋው፣ የመርሳ መንገድ፣ ማሽላው እስከ ዓይን ጥግ። በጣም ከፍ ብሎ አንድ መንጋ ወደ ደቡብ ያልፋል፤ ግሪሳ አይደለም፣ ክንፉ ረጅም ነው፣ ለእኛ ማሽላ ጉዳይ የለውም። እስኪጠፋ አየሁት። ዓይኔን ስመልስ በምዕራብ በኩል የአገዳው ጫፍ ተንቀጠቀጠ።

መዳፎቼን አፌ ላይ አደረግሁ።

«አባ! ላይ ላዩን!»

አባባ አይታዩም። ሰው የሚያህል ነገር በማሽላው ውስጥ ሲሮጥ፣ ዘለላዎቹ በየተራ ሲወዛወዙ ብቻ ይታያል። ከመሐል ድምፃቸው መጣ።

«አቤት!»